ማተብ ያሰረው አውሬ

ኦስሎ ውስጥ፣ ቶየን አደባባይ አጠገብ ጫማ የሚጠግን ሰው አለ። ባለፈው መኸር በደጃፉ ሳልፍ፣ ሶል ሊለጥፍ የከፈተው የጎማ ማጣበቂያ ሽታ ድንገት አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ፣ ወዴት እየሄድኩ እንደነበር አስረስቶ፣ መንገድ መሀል ገትሮ አቆመኝ። ሌላው ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት የእናቱ ጓዳ ወይም ዝናብ የነካው አፈር ይታየው ይሆናል፤ ለእኔ የታየኝ ግን ሃውገንስቱዋ በሚባለው ሰፈር በነበረው ቤታችን መታጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ከመጋረጃው ዘንግ ላይ በሽቦ ተንጠልጥሎ ሲደርቅ የከረመ የአውሬ ጭንቅላት ነበር። አረንጓዴ እንዲሆን ታስቦ የሰነበተ ጎመን የመሰለ፣ ከፒንግፖንግ ኳስ የተሠሩት ዓይኖቹ አንደኛው እኔን አንደኛው መስኮቱን የሚያይ፣ ከአገጩ ሥር ማጣበቂያው ጠብ ጠብ እያለ ገንዳውን የሚያበላሽ ጭንቅላት ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ሙሉ ጸደይ በዚያ ዓይን ሥር ገላዬን ስታጠብ ከርሜያለሁ።

ጭንቅላቱ የተሠራው ለፊልም ነው። ስለ ፊልሙ እኔ ካልነገርኳችሁ ማንም ስለማይነግራችሁ ልንገራችሁ። ስሙ በአማርኛ «ጭቃው ርቦታል» እንደ ማለት ሲሆን፣ ርዝመቱ ሰባ ደቂቃ ነው፤ ከሰባው ውስጥ አሥሩ ደቂቃ ሰዎች ጫካ ውስጥ ሲሄዱ ከኋላ የሚታዩበት ነው። አንድ ሐይቅ ላይ ክፉ ሰዎች መርዝ ይደፋሉ፣ ጭቃው ነፍስ ዘርቶ ይነሳል፣ ድንኳን ተክለው የሰፈሩትን አንድ በአንድ ይበላል፤ ታሪኩ ይኸው ነው። ዋናዋ ተዋናይት አውሬው ከመምጣቱ በፊት ትጮሃለች፣ ሲመጣ ደግሞ ጩኸቷን ስለጨረሰች ዝም ብላ ታየዋለች። ደሙ የእንጆሪ ማርማላታ መሆኑን ፍሬው ይመሰክራል። ሰው ስላነሰባቸው አንዱ ተዋናይ መጀመሪያ ከነጢሙ ይበላል፣ ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ጢሙን ተላጭቶ እንደገና ይበላል። ይህን ሁሉ ጉድ ይዞ ግን፣ ፊልሙን ጀምሮ መሀል ላይ ያቋረጠ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ እኔም ራሴ አቋርጬው አላውቅም፣ ይህንንም ይቅር አላልኩትም።

የፊልሙ ባለቤት ከእኛ በላይ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን የሚኖር ጉናር የሚባል ኖርዌጂያዊ ነበር። ቀለም መሸጫ ሱቅ ውስጥ ሲሠራ ኖሮ ወገቡን ታምሞ ጡረታ የወጣ፣ ስልሳን የተጠጋ ሰው ሲሆን፣ አንድ ፊልም ሳይሠራ እንደማይሞት ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ይናገር ነበር። አሳንሰር ውስጥ ስንገናኝ በሁለት እጆቹ አራት ማዕዘን ሠርቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በመሀሉ ያየኛል፤ እኔ ደግሞ ወለሉን አያለሁ። በዚያ ዕድሜዬ ከሌሎች ልጆች የምበልጠው በንቀት ብቻ ስለነበር፣ ያለኝን ለማንም አልሰስትም ነበር።

በረዶው ቀልጦ የክረምቱ ቆሻሻ ከሥሩ ብቅ ብቅ በሚልበት በሚያዝያ ወር፣ እናቴ የሺ ከሕንፃችን ምድር ቤት፣ ቫስከሪ በምንለው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀምጣ፣ ማሽኑ እስኪጨርስ የአባቴን ኮት ገበር ስትሰፋ ጉናር አያት። እናቴ ወደ ኦስሎ ከመምጣቷ በፊት ባሕር ዳር ውስጥ ልብስ ሰፊ ቤት ለዓመታት የሠራች፣ እጇ የማይሳሳት ሰው ናት፤ እዚህ ግን ሥራዋ ስቶቭነር አካባቢ ያለ አንድ ትልቅ የገበያ ሕንፃ ሱቆቹ ሳይከፈቱ ማጽዳት ነበር፤ ሰው ሲገባ እሷ ትወጣለች። ጉናር ስፌቱን አገላብጦ አይቶ አንድ ነገር ጠየቃት፣ ቃሉን አልያዘችውም፣ እኔን ከፎቅ አስጠርታ አስተርጉሚልኝ አለች። «አውሬ መስፋት ትችያለሽ ወይ ነው የሚለው» አልኳት፣ ትስቃለች ብዬ። እሷ ግን ደንበኛ እንደመጣላት ሁሉ መርፌዋን ኮቱ ላይ ሰክታ፣ «ቁመቱ ስንት ይሁን በይው» አለች።

ከዚያ በኋላ ቤታችን የፋብሪካ ጓሮ መሰለ። ጉናር ያረጀ የስፖንጅ ፍራሽ፣ አረንጓዴ የዝናብ ካፖርት፣ የዕቃ ማጠቢያ ጓንትና በባልዲ የተሞላ ፈሳሽ ጎማ እየተሸከመ ይወርዳል፤ እናቴ ፍራሹን በቢላዋ እየቀረጸች፣ ካፖርቱን እንደ ዓሣ ቅርፊት እየቆራረጠች፣ ከሥራ መልስ ስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ ትውላለች። ጓንቶቹ ከፕላስቲክ ማንኪያ የተቆረጠ ጥፍር ተተክሎላቸው ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተው ሲደርቁ፣ እኔ ከጎናቸው ቁርሴን እበላ ነበር። አባቴ ጌትነት ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ዳቦ ፋብሪካ የሚሠራ፣ የተረፈውን ጊዜ ሁሉ ለሰበካ ጉባኤው ጸሐፊነት የሰጠ ዝምተኛ ሰው ነው። ጭንቅላቱን መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ ያየ ዕለት በሩን መልሶ ዘግቶ፣ አማትቦ፣ ምን እንደሆነ ጠየቀ። እናቴ ለልጆች ቴአትር ነው አለችው። እኔን ያሳፈረኝ ውሸቱ ሳይሆን እውነቱ ስለነበረ፣ ዝም አልኩ።

አውሬውን ይለብሳል የተባለው የጉናር የእህት ልጅ ለልኬት በተጠራ ቁጥር አይመጣም ነበር። እናቴ ደግሞ የያዘችውን ሥራ ማሳደር ስለማትወድ፣ ልብሱን በራሷ ገላ ላይ እየለካች፣ መስታወት ፊት ቆማ እየጠበበችና እያሰፋች ጨረሰችው። ሰኔ ላይ ከስቶቭነር በላይ ማርካ ወደሚሉት ጫካ ወጥተን፣ ከአንዲት ጥቁር ትንሽ ሐይቅ ዳር ልጁ ሊለብሰው ሲሞክር ታዲያ ከጉልበቱ በላይ አልገባለትም። ለነገሩ ቢገባለትም ዋጋ አልነበረውም፤ ውሃው ገና ቁርጭምጭሚቱን ሲነካው በረደኝ ብሎ ወጥቷል። ጉናር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ራሱን ያዘ። ያን ጊዜ እናቴ በቀስታ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ዋና እችላለሁ በይው» አለችኝ።

እኔ አልልም አልኳት። እሷም ራሷ ሄዳ ደረቷን በጣቷ ነክታ፣ «ያይ ስቨመ» አለችው፤ እኔ እዋኛለሁ ማለቷ ነው፣ ግሱን እንኳ ሳታስተካክል። ጉናር ከድንጋዩ ተነስቶ ሊያቅፋት ሲል ሸሸችው።

ከቁጥቋጦው ጀርባ ዚፑን ስዘጋላት እየተነጫነጭኩ ምን ነካሽ አልኳት። ልጅ ሳለች ጣና ውስጥ ከወንድሞቿ እኩል ትዋኝ እንደነበር፣ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት ደርሰሻል ተብላ እንደተከለከለች ነገረችኝ። «ከዚያ ወዲህ ውሃ ገብቼ አላውቅም። እዚህ ያለው መዋኛ ወንዱም ሴቱም አንድ ላይ ነው፣ እንዴት ብዬ እገባለሁ? በዚህ ውስጥ ግን ማን ያየኛል?» አለችና ጭንቅላቱን ከእጄ ተቀበለች። ከማድረጓ በፊት በስመ አብ ብላ አማተበች። ጉናር ይህ ምን ምልክት ነው ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ለብርዱ ነው አልኩት።

እዚህ አገር ሌላ ስም ስላጡለት በጋ በሚሉት ወቅት ሁሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሐይቁ እንወጣ ነበር። ጉናር አውሬውን አሮጌ መኪናው ጣሪያ ላይ አጋድሞ በገመድ ያስረዋል፤ የሚያልፈው መኪና ሁሉ ጡሩምባ ይነፋል፣ እኔ ኋላ ወንበር ላይ አጎነብሳለሁ። የምሄደው ወድጄ አልነበረም። እናቴ ከማታውቃቸው ወንዶች ጋር ብቻዋን ጫካ መግባት ስለማትፈልግ፣ አስተርጓሚ ተብዬ በጠባቂነት ነበር የምወሰደው። እንደደረስን አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ እመርጥና፣ ፊቴን ወደ ጫካው፣ ጀርባዬን ለሐይቁ ሰጥቼ ስለ ፈረሶች የሚያወራ መጽሐፌን እገልጣለሁ። ሲጠሩኝ ብቻ ዞሬ አስተረጉማለሁ፣ ተርጉሜ እመለሳለሁ። ጀርባዬ እንደሚናገር፣ ሁሉም እንደሚሰማው፣ እርግጠኛ ነበርኩ።

እውነቱን ከተናገርን እናቴ ጎበዝ ነበረች። በልጅነቷ ጉማሬ ከውሃ ሲወጣ ያየችውን አስታውሳ፣ መጀመሪያ ዓይኗን ብቻ፣ ቀጥሎ ግንባሯን፣ ከዚያ ሙሉ ሰውነቷን ሳትቸኩል ታወጣው ነበር። የኖርዌይ ጭቃ ለምን እንደ ጣና ጉማሬ እንደሚሄድ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ጉናር ፖልሰ የሚሉትን ቋሊማ እሳት ላይ ጠብሶ ሲያቀርብላት፣ ጥፍራም ጓንቷን ከፍ አድርጋ «ናይ፣ ናይ» እያለች፣ ከቤት ያመጣችውን ዳቦ ትበላለች። እቤት ስንመለስ ፊቷ የቀላ፣ ፀጉሯ የሐይቅ ሽታ ያለው፣ ብዙ የምታወራ ሴት ትሆን ነበር። ይህን ያስተዋልኩት አሁን ነው፤ ያኔ ያስተዋልኩት ሽታውን ብቻ ነው።

የመጨረሻው ቀረጻ ፍልሰታ ውስጥ፣ ከልማዳችን ውጭ ዓርብ ቀን ዋለ። እናቴ እንደ ልማዷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አትቀምስም፤ ጉናር ደግሞ ፀሐይዋ እንዲህ ትሁን፣ ደመናው እንዲያ ይሁን እያለ ከጧት ጀምሮ ሲያስገባትና ሲያስወጣት ዋለ። አውሬው፣ አሁን ከሚበሉት አንዱ ሆኖ የሚተውነውን የጉናርን የእህት ልጅ ይዞ ወደ ጥልቁ የሚሰጥምበት፣ ቆይቶ ብቻውን የሚወጣበት ትዕይንት ነበር። ልጁ ከውሃው ሥር አምልጦ በሌላ በኩል ይወጣል፣ እሷ ወደ መሀል ትዘልቃለች። እኔ ድንጋዬ ላይ ነበርኩ። ውሃው ሲንቦጫረቅ ሰማሁ፣ ረጅም ዝምታ ሰማሁ፣ እንደገና ሲንቦጫረቅ ሰማሁ፣ ጉናር ከዳር ሆኖ «ብራ! ብራ!» እያለ፣ ጎበዝ ማለቱ ነው፣ ሲጮህ ሰማሁ። አልዞርኩም። ገጽ ገለጥኩ።

ሲጠሩኝ ሄጄ ሳይ፣ እናቴ ጭንቅላቱን አውልቃ ደንገሉ መሀል ተቀምጣ ታስላለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። እንሂድ፣ በርዶኛል አልኳት። «እሺ፣ ትንሽ ልቀመጥ» አለች። ልብሱ ውሃ ጠጥቶ ለሦስት ሰው ከብዶ ስለነበር ያወጡላት ጎትተው ነው። መኪና ውስጥ እጄን ያዘች። ማጣበቂያ ማጣበቂያ ስለሸተተኝ እጄን ቀስ ብዬ አስለቀቅኩ።

ኅዳር ላይ፣ ስቶቭነር ባለው የወጣቶች ክበብ አዳራሽ፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ፊልሙ ታየ። ጉናር ከሰርግ የተረፈ የሚመስል ጥቁር ሱፍ ለብሶ በር ላይ ቆሞ ሁሉንም ይጨብጣል። የእህቱ ልጅ ክበቡ ውስጥ ስለሚታወቅ የትምህርት ቤታችን ልጆች ሁሉ መጥተዋል፤ እኔ እናቴን ከግድግዳው በኩል አስቀምጬ፣ መሀላችን አንድ ወንበር ትቼ ተቀመጥኩ። ስሟ እንዲጻፍ ስላልፈለገች፣ በመግቢያው ላይ ከተዋንያኑ ስም ቀጥሎ፣ «አውሬው፦ ራሱ አውሬው» የሚል ወጣ። ገና ከዚያ ጀምሮ ሳቅ ነበር።

ልጆቹ በማርማላታው ሳቁ፣ ጢሙን ተላጭቶ በሞተው ሰውዬ ሳቁ፣ የጉናር ጥላ ከነካሜራው ዛፍ ላይ ሲያልፍ በጣታቸው እያሳዩ ሳቁ። ሲስቁ ግን አንዳቸውም ከወንበራቸው አልተነሱም፤ አውሬው ከውሃው ዓይኑን ብቻ ባወጣ ቁጥር አዳራሹ ጸጥ ይላል። ከዚያ የመጨረሻው ትዕይንት መጣ። አውሬው ልጁን ይዞ ሰጠመ። ውሃው ረጋ። ቆይቶ አንድ ጥፍራም እጅ ብቅ አለ፣ ጠፋ፣ እንደገና ብቅ አለ፣ ውሃውን ደበደበ፤ ቀጥሎ ሐይቁን ሁሉ ሲያስፈራራ የከረመው አውሬ ድንገት በጀርባው ተገልብጦ፣ ሆዱን ለሰማይ ሰጥቶ፣ እግሩን እንደ ሕፃን እያንፈራገጠ ወደ ደንገሉ ተንሳፈፈ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አጠገቤ የነበረችው የክፍሌ ልጅ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ማንም አውሬው የማን እናት እንደሆነ እንዳይጠረጥር፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ፣ እጄን እያጨበጨብኩ ሳቅኩ። በባዶው ወንበር ማዶ እናቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ ስክሪኑን ዝም ብላ ታይ ነበር።

ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር፤ ጉናር ግን በራሱ ሥራ የማያፍር ፍጡር በመሆኑ፣ ለገና ስጦታ ብሎ በየሕንፃው የፖስታ ሣጥን ሁሉ ዲቪዲውን ከተተ። ከእኛ ቀጥሎ ባለው ሕንፃ እትዬ ስንዱ ትኖር ነበር። እትዬ ስንዱ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ሁሉ የሚፈሯት፣ ማን ቀሚሱ እንዳጠረ፣ ማን ጾም እንደገደፈ ለይታ የምትይዝ ሴት ናት፤ እንዲህ ያለውን የሰይጣን ፊልም በዓይኗ እንደማታይ በኋላ ምላ ስትናገር የሰማኋት ቢሆንም፣ እስከ መጨረሻው ማየቷን ያወቅነው መጨረሻው አካባቢ ብቻ ያለ ነገር ስላየች ነው። አውሬው ከውሃው ሲወጣ ፊቱ በቅርብ በሚታይበት ቦታ፣ ጭንቅላቱና አንገቱ የተጣበቁበት ለቆ፣ በስንጥቁ ውስጥ ጥቁር ክር፣ ክሩ ላይ ደግሞ አንድ ክንዷ የጎበጠ ትንሽ የብር መስቀል ይታያል። ማተብ ነው። መስቀሏን እኔ ክርስትና የተነሳሁ ዕለት ለእናቴ የሰጠቻት እትዬ ስንዱ ነበረች።

ጥር ላይ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በተከራየነው አዳራሽ ሰው ሻይ ይዞ ቆሞ ሲጫወት፣ እትዬ ስንዱ ወደ እናቴ መጣች። ሴቶቹ ከኋላዋ ተሰበሰቡ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«የሺ፣ የኔ መስቀል አውሬ አንገት ላይ ምን ይሠራል?»

እናቴ እንድትክድ ለመንኩ። በሆዴ ማርያምን፣ ገብርኤልን፣ የማውቃቸውን ሁሉ ጠራሁ። መስቀል ሁሉ ይመሳሰላል ብትል ያልቅ ነበር። እናቴ ግን የሻይ ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ነጠላዋን ከአንገቷ ገለጥ አድርጋ ማተቧን አወጣች።

«አውሬ አንገት ላይ አይደለም፣ እትዬ ስንዱ። እኔ አንገት ላይ ነው። ከሰጡኝ ቀን ጀምሮ ወልቆ አያውቅም።»

ወንዶቹ በኩል የነበረው አባቴ ይህን ሰማ። ኮቱን አነሳ፣ የእኔንም ካፖርት አቀበለኝ። በባቡር ወደ ሃውገንስቱዋ ተመለስን። እትዬ ስንዱ ሰበካ ጉባኤው ጸሐፊውን ይጠይቅ ማለቷ አይቀርም፣ አባቴ ከዚህ በኋላ እዚያ አዳራሽ በምን ፊቱ ይገባል እያልኩ፣ ለእሱ ያዘንኩ አስመስዬ ስለ ራሴ አስብ ነበር።

እቤት እንደገባን አባቴ ጫማውን አውልቆ፣ «ፊልሙን አምጪው» አለኝ። ሶፋው ላይ ጫፉን ይዞ ተቀመጠ። እናቴ በሩ ላይ ቆመች። ሰባውን ደቂቃ ሳይስቅ፣ ሳይቆጣ፣ ሰዎቹ በጫካ ሲሄዱ ከኋላ የሚታዩበትን እንኳ ሳይዘል አየው። አውሬው በጀርባው ሲገለበጥ ሪሞቱን አንስቶ መለሰው፣ አየው፣ እንደገና መለሰው። ሦስተኛውን ጊዜ አቆመውና ወደ እናቴ ዞረ።

«እዚህ ጋ እየተወንሽ አይደለም። እየሰጠምሽ ነው።»

እናቴ ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም። በዚያ ጊዜ እሷም «አዎን» ትታ እንደ ኖርዌጂያኖቹ «ያ» ማለት ለምዳ ነበር። «ያ» አለች። «ልብሱ ውሃ ሞላ። ዚፑ ከኋላ ነው፣ አልደርስበት አልኩ።»

«ሲደክም መታገል ሳይሆን በጀርባ መገልበጥ ነው ብለሽ ነግረሽኝ ነበር፣ ባሕር ዳር ሳለን» አለ አባቴ።

እኔ ስክሪኑ ላይ የቆመውን ምስል እያየሁ፣ በዚያች ደቂቃ የት እንደነበርኩ ገባኝ። ከእሷ ሃያ እርምጃ ርቄ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ገጽ እየገለጥኩ ነበር። ኅዳር ላይ ያጨበጨብኩትም ለዚህ ነበር።

አባቴ ተነስቶ «ነይ፣ ታስተረጉሚልኛለሽ» አለኝና አራተኛ ፎቅ ወጣን። ጉናር በፒጃማ ሱሪ ከፈተልን፣ ደስ ብሎት ግቡ ግቡ አለ። አባቴ ከደጁ አላለፈም። «እዚያ ቦታ ላይ ሚስቴ ልትሞት ነበር በይው። እሱ ጎበዝ እያለ ይጮህ ነበር በይው።» አስተረጎምኩ። ስንት ወር ስንቀው የኖርኩት ሰውዬ ፊቱ ሲለወጥ ማየት እፈልግ ነበር፤ ሲለወጥ ግን ዓይኔን ከፊቱ አነሳሁ። ግድግዳውን ይዞ ተቀመጠ፣ የቀለም ነጠብጣብ የለበሰ ምንጣፉ ላይ። ትወና መስሎኝ ነበር አለ። ከፊልሙ ሁሉ የምወደው ያንን ትዕይንት ነበር አለና፣ ይህን መናገሩ ራሱን አስደንግጦት አፉን ያዘ። ሁሉንም ዲቪዲ ለቅሞ ቦታውን ቆርጦ እንደሚያወጣው፣ ካስፈለገ ፊልሙን እንደሚያቃጥለው ተናገረ። ያንንም አስተረጎምኩ።

እናቴ ደረጃውን በነጠላ ጫማ ወጥታ ከኋላችን ቆማ ኖሯል።

«አይቆረጥም በይው» አለችኝ። አባቴ ዞሮ አያት። «ሰው ከሳቀ ይሳቅ። እኔ እንደሁ ወጥቻለሁ።»

ከዚያ በኋላ የሆነው አጭር ነው። እናቴ የነፍስ አባቷ ዘንድ ሄደች። ቄሱ በሳምንት አምስት ቀን እንደ እሷ ሲያጸዱ የሚውሉ ሰው ናቸው፤ ፊልሙን አምጪልኝ አሏት፣ አዩት፣ ልብሱ የሰይጣን ሳይሆን የፍራሽ እንደሆነ ነግረው፣ ባሏን ስለዋሸች ብቻ ስግደት ሰጧት። እትዬ ስንዱ በዚህ አልረካችም፤ ለሁለት ዓመት ያህል «ማተብ ያሰረው አውሬ» እያለች በየቤቱ ስታወራው ኖራ፣ እሷ ባወራች ቁጥር ያላየው ሁሉ ፊልሙን ፈልጎ እያየ፣ ጉናር በዕድሜው ያላገኘውን ተመልካች ያገኘው በእሷ ነው። አባቴ ጸሐፊነቱን ማንም ሳይነጥቀው ቀጠለ። እኔ ትምህርት ቤት ለማንም አልተናገርኩም። እናቴንም ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም ነበር፣ ደግሞም እሷ ድንጋዩ ላይ ጀርባዬን እንደሰጠሁ ያየች አይመስለኝም፣ ወይም እንዳላየች እንዳምን ትታኛለች።

አሁን ጉናር በሕይወት የለም። ፊልሙን አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ ጭኖት፣ ከየአገሩ የማያውቁት ልጆች ከሥሩ ይጽፋሉ፣ ይሳለቃሉ፣ ደጋግመው ያያሉ። ባለፈው የትንሣኤ ማግስት ወላጆቼ ቤት ሄጄ ስልኬ ላይ ሳሳያት፣ እናቴ መነጽሯን አድርጋ ቴሌቪዥኑ ላይ አድርጊልኝ አለች። ፊልሙ ያኔም ብላሽ ነበር፣ አሁንም ብላሽ ነው፤ ዓመታት አላሻሻሉትም፣ እኔም አስተያየቴን አልለወጥኩም። እናቴ በማርማላታው ሳቀች፣ ሁለቴ በሞተው ሰውዬ ሳቀች፣ የጉናርን ጥላ ስታይ ነፍሱን ይማረው ብላ እያዘነችም ሳቀች። አውሬው በጀርባው ተገልብጦ እግሩን ማንፈራገጥ ሲጀምር ደግሞ ጉልበቷን እየመታች፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ እስኪወድቅ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት ሳቀች። ያኔ እኔ ስስቅ እሷ እጇን አጣምራ ዝም ብላ ነበር። ዘንድሮ እሷ ስትስቅ፣ እኔ አጠገቧ ባዶ ወንበር ሳልተው ተቀምጬ፣ ዝም ብዬ ስክሪኑን አየሁ።